መኪናን በቤት ጋራዥ ዝቅ ለማድረግ፦ ሞላ ብቻ፣ ሞላ ከነሾኩ ወይስ ኮይሎቨር?

መኪናውን ዝቅ ለማድረግ ያሰበ ሰው ገበያ ላይ የሚጠብቀው ምርጫ ግራ የሚያጋባ ነው። 250 ዶላር ገደማ የሚያወጣው የአራት ሞላ ስብስብም፣ 900 ዶላር የሚጠየቅበት ኮይሎቨርም (ከፍታው የሚስተካከል የሞላና የሾክ ስብስብ)፣ 3,000 ዶላር የሚያስከፍለውም መኪናውን በ4 ወይም በ5 ሳንቲሜትር ያወርዳሉ፤ መኪናው ቆሞ ፎቶ ሲነሣ ማንም ለይቶ አያውቃቸውም። የሚለዩት መኪናው አራት ሰው ጭኖ የተሰነጣጠቀ አስፋልት ላይ ሲሄድ፣ ከሁለት ክረምት በኋላ ማስተካከያው በዝገት ሲያዝ፣ ወይም መኪናው ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ነው።

ይህን የምጽፈው ሰሜን ቨርጂኒያ ባለው ቤቴ ጋራዥ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ2010 ስሪት ኮሮላዬን ሁለት ጊዜ፣ መጀመሪያ በሞላ ብቻ ቀጥሎም በኮይሎቨር፣ ዝቅ አድርጌ ካየሁት በመነሣት ነው። ኮሮላው ለምሳሌ ይመቻል፤ ፊቱ ሞላውና ሾኩ አንድ ላይ የታሰሩበት ማክፈርሰን ስትራት ሲሆን፣ ኋላው ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዝ አንድ ወጥ አግዳሚ ብረት ነው፤ እዚያ ሞላውና ሾኩ ለየብቻ ይቀመጣሉ። ብዙ ትናንሽ የቤት መኪኖች የተሠሩት በዚሁ መልክ ነው።

አስቀድሞ መመዘኛው

ከሁሉም የሚበልጠው መመዘኛ የሚቀረው ጉዞ ነው። ጉዞ የምለው ጎማው ጉብታ ሲያገኝ፣ ሾኩ ጫፍ ላይ ያለውን ማቆሚያ ጎሚኒ እስኪነካ ድረስ ወደ ላይ የሚወጣበትን ርቀት ነው። ፋብሪካው የተወልን ጉዞ 70 ሚሊሜትር ነው ብንልና ሾኩን ሳንቀይር መኪናውን በ40 ሚሊሜትር ብናወርደው፣ የሚቀረን 30 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ ምቱን የሚቀበለው ሞላው መሆኑ ቀርቶ ጎሚኒው ይሆናል። ብዙ ሰው «ዝቅ ካደረግሁት ወዲህ መኪናዬ ደረቀብኝ» የሚለው ሞላው ጠንክሮበት ይመስለዋል፤ እኔ ያየሁት ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉዞው ማለቁን ነው።

ለዚህ ነው ዝቅ ማድረጊያ ሞላዎች ከፋብሪካው የሚጠነክሩት። አንድ የፊት ጎማ ላይ የሚያርፈው ክብደት 350 ኪሎ ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 5 ኪሎ የሚሸከም ሞላ 70 ሚሊሜትር ይጨመቃል፤ 7 ኪሎ የሚሸከመው ግን 50 ሚሊሜትር ብቻ። ጠንካራው ሞላ በጠበበው ቦታ ውስጥ ሥራውን ይጨርሳል። ሆኖም ሞላ ክብደት ይሸከማል እንጂ ዝላዩን አያስታግስም፤ ዝላዩን የሚያስታግሰው ሾኩ ነው፤ ስለዚህ ሁለተኛው መመዘኛ ሾኩ ለዚያ ሞላ ጥንካሬ የተሠራ መሆን አለመሆኑ ነው።

ሦስተኛው መመዘኛ ከፍታውን በእርግጥ መልሰው መላልሰው ይቀይሩት እንደሆነ ነው። ኮይሎቨር የገዛ ሰው በአብዛኛው በመጀመሪያው ወር ሁለት ሦስት ጊዜ አስተካክሎ ከዚያ ወዲያ አይነካውም። ከፍታ በተቀየረ ቁጥር የጎማው አቅጣጫ ስለሚዛነፍ ዊል አላይመንት እንደገና መከፈል አለበት፤ ይህም በየጊዜው ከ100 እስከ 150 ዶላር ነው። ቀሪዎቹን መመዘኛዎች ባጭሩ ልጥቀስ፦ ሥራው ያለ ጋራዥ ማሽን ቤት ውስጥ የሚቻል መሆኑ፣ ክፍሉ መንገድ ላይ የሚበተነውን የክረምት ጨው መቋቋሙ፣ በሚኖሩበት አገር ሕግ ተቀባይነት ማግኘቱ፣ እንዲሁም አላይመንቱንና ተጨማሪ ክፍሎቹን ጨምሮ የሚያወጣው ሙሉ ዋጋ ናቸው።

ከንጽጽሩ የማስወጣቸው

የፋብሪካውን ሞላ በመጋዝ መቁረጥ ከምርጫ አይቆጠርም። የተቆረጠው ጫፍ መቀመጫው ላይ በትክክል አያርፍም፤ ጎማው በአየር ላይ ሲንጠለጠል ሞላው ከቦታው ሊወጣ ይችላል፤ በነበልባል የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ የብረቱን ጥንካሬ ያበላሸዋል። በፋብሪካው ሾክ ላይ የሚጠለቀው ርካሽ ባለ ጥርስ ቱቦም ከዚህ ብዙ አይሻልም፤ ከፍታው ይስተካከላል፤ ነገር ግን ያ ረጅም የፋብሪካ ሾክ ሳይለወጥ ስለሚቀር የጉዞው ችግር እንዳለ ነው።

ሞላ ብቻ መቀየር

መኪናው ከ25 እስከ 30 ሚሊሜትር ብቻ እንዲወርድ ከተፈለገና ሾኮቹ ገና አዲስ ከሆኑ፣ ይህ መንገድ ርካሽና በቂ ነው። ችግሩ ሾኮቹ ብዙ ኪሎሜትር የሠሩ ሲሆኑ ነው። የእኔ ኮሮላ ሞላው ሲገጠምለት ከ150,000 ኪሎሜትር በላይ የሄዱ ሾኮች ነበሩት፤ በሁለተኛው ወር ከአንድ ጉብታ በኋላ የኋላው ሦስት ጊዜ ሲዘል ከመስታወቱ ይታየኝ ጀመር፤ በስድስተኛው ወር የግራው የፊት ሾክ ዘይት አፈሰሰ። በርካሽ የጀመርኩት ሥራ ሁለት ጊዜ መፍታትና ሁለት ጊዜ አላይመንት መክፈል ሆነብኝ።

ለቤት ሥራም ይህ ምርጫ ሰው ከሚገምተው በላይ አደገኛ ነው፤ አሮጌውን የፊት ሞላ ከስትራቱ ለማውጣት በሞላ መጭመቂያ መጭመቅ ግድ ነውና። በእያንዳንዱ ሚሊሜትር 3 ኪሎ የሚሸከም ሞላ 15 ሳንቲሜትር ተጨምቆ ሲያዝ የሚያምቀው ጉልበት፣ 34 ኪሎ የሚመዝን ዕቃ ከ1 ሜትር ከፍታ ሲወድቅ ካለው ጋር እኩል ነው። መጭመቂያው ከተንሸራተተ ያ ጉልበት የሚያርፈው ፊት ለፊቱ ባለው እጅ ወይም ፊት ላይ ነው። ስትራቶቹን ራስዎ አውርደው የሞላውን ልውውጥ ብቻ የግድግዳ መጭመቂያ ላለው ጋራዥ መስጠት ይቻላል፤ የሚጠይቁት ዋጋ መጠነኛ ነው፤ እኔም ይህንኑ እመክራለሁ።

ሞላና ሾክ አብረው የተዘጋጁ

አንዱ አምራች ሞላውንና አጠር ያለውን ሾክ እርስ በርስ አጣጥሞ የሚሸጠው ስብስብ ነው። ከፍታው አይስተካከልም፤ የሚያርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ነው። ገዢዎች በዚህ ምክንያት ያልፉታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ለዕለት መኪና ከሁሉም በላይ የተዘነጋው ምርጫ ይኸው ነው። በጨው የሚያዝ ጥርስ የለውም፣ የሚላላ ቀለበት የለውም፣ ሾኩም ለዚያው ሞላ ተለክቶ የተሠራ ነው። ከ600 እስከ 1,000 ዶላር ባለው ዋጋ ከዚህ የተሻለ አነዳድ የሚሰጥ ኮይሎቨር ማግኘት ይከብዳል። ጉድለቱ የፊቱና የኋላው ከፍታ ዓይንዎን ካላስደሰተው የሚያደርጉት ነገር አለመኖሩ ነው፤ ለሥራም ከላይ የተነገረው የሞላ መጭመቅ ጣጣ እዚህም አለ።

ኮይሎቨር፦ ሁለቱ ዓይነቶች

ኮይሎቨር በአንድ ስም ቢጠራም በውስጡ ሁለት የተለያዩ አሠራሮች አሉ፤ ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተውም እነዚህን ባለመለየቱ ነው።

የመጀመሪያው ባለ ቀለበት ነው። የሾኩ አካል ላይ ጥርስ ተቀርጿል፤ ሞላው የሚያርፍበት ቀለበት በጥርሱ ላይ እየተዞረ ይወጣል፣ ይወርዳል። ቀለበቱ ሲወርድ መኪናው ይወርዳል፤ የሾኩ ዘንግም በዚያው ልክ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ መኪናው በወረደ ቁጥር የሚቀረው ጉዞ ይቀንሳል። ከልክ በላይ ሲወርድ ደግሞ ጎማው በክሪክ ሲነሣ ሞላው ላልቶ ሲንቀጫቀጭ ይሰማል። በጥንቃቄ የተሠሩት ይህን ለመከላከል ሾኩን ከመጀመሪያው አሳጥረው ያዘጋጁትና ሞላው እንዳይላላ የሚይዝ ትንሽ ረዳት ሞላ ይጨምሩበታል፤ በመመሪያቸውም ከዚህ እስከዚህ ብቻ ይውረድ ብለው ይወስናሉ። በዚያ ወሰን ውስጥ እስከቆየ ድረስ ይህ አሠራር ምንም ጉድለት የለበትም።

ሁለተኛው ሙሉ ርዝመቱ የሚስተካከለው ነው። እዚህ የሾኩ አካል ራሱ በታችኛው መያዣ ውስጥ እየተዞረ ይገባል፣ ይወጣል። ከፍታው ሲቀየር ሞላውም ዘንጉም ከነበሩበት አይነቃነቁም፤ ስለዚህ የሾኩ ጉዞ አይነካም። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፤ ሻጮች ግን ከሚገባው በላይ ያጋንኑታል። የሾኩ ጉዞ ቢጠበቅም ጎማው ከፓራፋንጎው ጋር ያለው ርቀት፣ ጎማውን ከሥር ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ አቀማመጥ፣ የመሪው ዘንግ ማዕዘን ሁሉ መኪናው በወረደበት ልክ ይለወጣሉ። ማክፈርሰን ያለው መኪና ብዙ ሲወርድ የታችኛው ክንድ የውጭ ጫፉ ወደ ላይ ያቀናል፤ ያኔ መኪናው ኩርባ ላይ የማዘንበል ዝንባሌው እንደተገመተው አይቀንስም፤ ጉብታ ላይም መሪው በራሱ ወደ ጎን ይስባል። ይህን ቀለበት አያስተካክለውም።

እዚህ ላይ አንድ ሥር የሰደደ ስሕተት ላርም። ሙሉ ርዝመቱ የሚስተካከለውን የገዙ ሰዎች የላይኛውን ቀለበት አጥብቀው ሞላውን አስቀድመው በመጫን «አጠነከርኩት» ይላሉ። ጥንካሬው ወጥ የሆነ ሞላ አስቀድሞ በመጫኑ አይጠነክርም፤ የመኪናው ክብደት ከዚያ ጭነት እስከበለጠ ድረስ የሚለወጠው መኪናው የሚቆምበት ከፍታ ብቻ ነው። አምራቹ ያዘዘውን ጭነት አስገብቶ መተው ነው።

የልስላሴ ማስተካከያውም፣ ማለትም ሾኩ ዝላዩን የሚያስታግስበትን ኃይል የሚለውጠው ቁልፍ፣ መመርመር አለበት። ከታወቁት አምራቾች ለምሳሌ የቢልስታይን ቢ14 የሚባለው ከፍታው ብቻ ሲስተካከል፣ ቢ16 ልስላሴውም በ10 ደረጃ ይስተካከላል፤ ኬደብሊው ቫሪያንት 1 ልስላሴው አይነካም፣ ቫሪያንት 2 የሾኩ መዘርጋት፣ ቫሪያንት 3 መዘርጋቱም መጨመቁም ለየብቻ ይስተካከላሉ፤ ቢሲ ሬሲንግ ቢአር ደግሞ 30 ደረጃ አለው። የደረጃው ብዛት ጥራትን አይለካም። በብዙዎቹ ባለ አንድ ቁልፍ ሾኮች መዘርጋትና መጨመቅ አብረው ስለሚለወጡ፣ ለመንገድ የሚጠቅሙት አራት ወይም አምስት ደረጃዎች ብቻ ናቸው። አምራቹ በመኪናው ላይ ፈትኖ አንድ ቦታ ላይ የወሰነው ሾክ፣ ሠላሳ ደረጃ ኖሮት አንዱም ልክ ካልሆነው ይሻላል። አንዱን በ900 ዶላር መምረጥ ቢኖርብኝ ጥሩ ሾክ ያለውን ባለ ቀለበት እመርጣለሁ።

ለቤት ሥራ ኮይሎቨር አንድ ትልቅ ብልጫ አለው። ብዙዎቹ የራሳቸው የላይኛው መያዣ ተገጥሞላቸው ስለሚመጡ የፋብሪካውን ስትራት እንዳለ አውጥቶ አዲሱን እንዳለ ማስገባት ይቻላል፤ ሞላ መጭመቅ የለም። ከመግዛትዎ በፊት የላይኛው መያዣ ከዕቃው ጋር መምጣቱን ሻጩን ይጠይቁ፤ ካልመጣ የፋብሪካውን ለመፍታት ተመልሰው ወደ መጭመቂያው ይሄዳሉ። የኮሮላ ዓይነት ኋላ ላለው መኪና ደግሞ ሾኩና ሞላው ለየብቻ ስለሆኑ ማስተካከያው ሞላው ሥር የሚቀመጥ ራሱን የቻለ ክፍል ነው።

የአየር ሞላ

በአየር የሚነፋ ከረጢት፣ ኮምፕረሰር፣ የአየር በርሜልና ቱቦ ያለው ነው። በአንድ ቁልፍ መኪናው ስለሚነሣ ቁልቁል የቤት መግቢያ ላላቸው ይመቻል። ሆኖም ዋጋው ከ2,500 ዶላር ይጀምራል፤ የኤሌክትሪክ መሥመር መዘርጋትም ይጠይቃል፤ ቱቦው ባፈሰሰ ጊዜ መኪናው መሬት ላይ ይቀመጣል። ለመጀመሪያ የቤት ሥራ አልመክረውም።

ንጽጽሩ በሠንጠረዥ

| ምርጫ | የክፍሉ ግምታዊ ዋጋ | የሚቀረው ጉዞ | ከፍታ ማስተካከል | የቤት ሥራ | ጨውና ዝገት |
|---|---|---|---|---|---|
| ሞላ ብቻ | 200–350 ዶላር | ይቀንሳል | የለም | ሞላ መጭመቅ አለበት | ችግር የለውም |
| ሞላ ከነሾኩ | 600–1,000 ዶላር | በአምራቹ የተለካ | የለም | ሞላ መጭመቅ አለበት | ችግር የለውም |
| ኮይሎቨር፣ ባለ ቀለበት | 500–2,000 ዶላር | በወረደ ቁጥር ይቀንሳል | አለ | የላይኛው መያዣ ካለው ቀላል | ጥርሱ እንክብካቤ ይሻል |
| ኮይሎቨር፣ ሙሉ ርዝመቱ የሚስተካከል | 800–3,500 ዶላር | የሾኩ ጉዞ አይነካም | አለ | የላይኛው መያዣ ካለው ቀላል | የታችኛው መያዣ በቶሎ ይያዛል |
| የአየር ሞላ | ከ2,500 ዶላር በላይ | እንደ ከፍታው | በማንኛውም ጊዜ | ከባድ | ቱቦና መጋጠሚያ ይጎዳል |

በዚህ ላይ አላይመንት፣ አዲስ የስታቢላይዘር (መኪናው ኩርባ ላይ እንዳያዘነብል የሚይዘው ብረት) መያያዣ ዘንግ፣ እንዲሁም ጎማው ወደ ውስጥ ከልክ በላይ ካጋደለ ማስተካከያ ቡሎን ይጨመራል። የኮሮላው የኋላ አግዳሚ ላይ የጎማው ማዘንበልና አቅጣጫ እንደ ፊቱ በቡሎን የሚስተካከል አይደለም።

ጋራዡ ውስጥ ምርጫውን የሚወስኑ ነገሮች

ምንም ከመፈታቱ በፊት ከጎማው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ይለኩ። ከመሬት መለካት የጎማው ንፋስና ዕድሜ ስለሚያዛባው አይታመንም። እኔ ልኩን በወረቀት ፕላስተር ላይ ጽፌ በየፓራፋንጎው ላይ እለጥፋለሁ፤ ሥራው ሲያልቅ ግራው ከቀኙ በ12 ሚሊሜትር እንደሚለይ ያሳየኝ ያ ፕላስተር ነው፤ ዓይኔ አላየውም ነበር።

መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ሥሩ መግባት አይገባም፤ የብረት መደገፊያዎቹ በፋብሪካው በተመለከተው ቦታ ይግቡ። የፍሬን ካሊፐሩ በቱቦው ተንጠልጥሎ አይተው፤ በሽቦ ይታሰር። የኤቢኤስ ሽቦ ከስትራቱ ላይ አስቀድሞ ይላቀቅ። ኮፋኖ ተከፍቶ የሚታዩት ሦስቱ የዙሪያ ዳዶዎች ይፈታሉ፤ መሀል ላይ ያለው የዘንጉ ዳዶ ግን ሞላው ሳይጨመቅ ፈጽሞ አይነካም። ሥራው ሲያልቅ የጎማ ዳዶዎቹ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ይጥበቁ፤ ለዚህ ኮሮላ ልኩ 103 ኒውተን ሜትር ነው።

ብዙ የቤት ሠራተኛ የሚስተው፣ እኔም የሳትሁት፣ ጎሚኒ ያለባቸውን ቡሎኖች የማጥበቂያው ጊዜ ነው። የኋላውን ሾክ የታችኛ ቡሎን ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ አጠበቅሁት። መኪናው መሬት ሲነካ የኋላው አግዳሚ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ተጣብቆ የተያዘው ጎሚኒ ተጠማዘዘ፤ ከዚያም በየጉብታው ሲጠማዘዝ ከረመ። በስምንተኛው ወር የእንጨት በር ሲከፈት የሚመስል ድምፅ መጣ፤ ፈትቼ ሳየው ጎሚኒው ከብረቱ ጋር በተጣበቀበት ዙሪያ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ተቀዶ ነበር። ቡሎኖቹ ላላ ተደርገው ገብተው፣ ክሪኩ አግዳሚውን ወይም ክንዱን ወደ ትክክለኛው ከፍታ ካነሣው በኋላ መጥበቅ አለባቸው። ኮይሎቨር ላይ ከፍታው በተቀየረ ቁጥር ይህ ሥራ ይደገማል፤ ከፍታ ደጋግሞ የመቀየርን ፍላጎት የሚያበርድ ምክንያት ነው።

ጥርሱን በተመለከተ፣ በዋሽንግተን ዙሪያ ክረምት ጨው ስለሚበተን ከመገጠሙ በፊት ጥርሱ ላይ ዝገት መከላከያ ቅባት ይቀባ፤ በየጸደዩ በውኃ ታጥቦ በለስላሳ ብሩሽ ይጽዳ። ከማይዝግ ብረት የተሠራው ዋጋው ከፍ ቢልም ጨው ባለበት አገር የሚከፈልበት ነገር ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

በቨርጂኒያ መኪና በየዓመቱ ለደኅንነት ምርመራ ይቀርባል፤ ከፍታው የተቀየረ የቤት መኪና የባምፐሩ ዋና አግዳሚ የታችኛ ጠርዝ ከመሬት ከ14 እስከ 22 ኢንች፣ ማለትም ከ35.6 እስከ 55.9 ሳንቲሜትር፣ መካከል መሆን አለበት። የሚለካው ከፕላስቲክ ሽፋኑ ሥር ያለው ብረት መሆኑን ልብ ይበሉ። በጀርመን ለምትኖሩ ጉዳዩ ይጠብቃል፤ ክፍሉ ለዚያ መኪና የተሰጠ የምስክር ወረቀት ሊኖረው፣ ሥራውም ካለቀ በኋላ እንደ ቲዩቪ ወይም ዴክራ ባለ የመኪና መርማሪ ድርጅት ተመርምሮ ሊጸድቅ ይገባል፤ አለዚያ መኪናው መንገድ ላይ የመሄድ ፈቃዱን ያጣል። ስለዚህ ምስክር ወረቀት የሌለው ርካሽ ኮይሎቨር እዚያ ከመጀመሪያው ከምርጫ ይወጣል። የትም ቢሆን ኢንሹራንስዎ ለውጡን አስቀድሞ ይወቅ።

ለማን የቱ?

በቀን ሥራ የሚመላለሱበት፣ ልጆች የሚጫኑበት መኪና ከሆነና ከ30 ሚሊሜትር በላይ ማውረድ ካልተፈለገ፣ ሞላ ከነሾኩ ይሁን። በጀቱ ከ400 ዶላር ካላለፈና ሾኮቹ አዲስ ከሆኑ ሞላ ብቻ ይበቃል፤ ሾኮቹ ያረጁ ከሆኑ ግን ገንዘቡ እስኪሞላ መቆየት ይሻላል። ሰፋ ያለ ቸርኬ ገጥሞ ከፍታውን በሚሊሜትር ማስተካከል የሚሻ፣ ወይም የሞላ መጭመቂያ መንካት የማይፈልግ፣ የላይኛው መያዣ የተገጠመለትን ባለ ቀለበት ኮይሎቨር ይውሰድ። መኪናውን ለውድድር ሜዳና ለመንገድ የሚቀያይር ሰው ሙሉ ርዝመቱ የሚስተካከለውን ቢገዛ የከፈለበትን ያገኛል። አዲስ አበባ ላለ ዘመዳቸው ዕቃ መላክ ለሚያስቡ ደግሞ፣ የሰፈር ውስጥ ጉብታዎችንና በክረምት ውኃ የሚሸፍናቸውን ጉድጓዶች አስበው ለመኪናው ጥሩ የፋብሪካ ከፍታ ሾክ ቢልኩለት ይበልጥ ይጠቅሙታል።

የትኛውም ተገጥሞ ከ300 እስከ 500 ኪሎሜትር ከተሄደ በኋላ ሞላው ቦታውን ይይዛል። ያን ጊዜ የመቆለፊያ ቀለበቶቹና ቡሎኖቹ ይፈተሹ፣ ከፍታው በፕላስተሩ ላይ ከተጻፈው ጋር ይነጻጸር፣ አላይመንቱ ይሠራ፣ በመጨረሻም መኪናው ግድግዳ ፊት ቆሞ የፊት መብራቱ አቅጣጫ ይስተካከል፤ ፊት መስታወት ላይ ካሜራ ያለው አዲስ መኪና ከሆነ ካሜራውም እንደገና መቃኘት እንዳለበትና እንደሌለበት የመኪናው መመሪያ ይታይ።